ዱላውን አትዩ፣ ትከሻውን እዩ

ያን ሐሙስ ጽጌረዳ ሮም፣ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ፣ ሻንጣዋን እግሮቿ መሀል አድርጋ ከጧት ጀምሮ ቆማለች። ከሰሜን የሚመጣ ባቡር በቆመ ቁጥር ፀጉሯን ታስተካክላለች። ባቡሩ ሲሄድ ደግሞ ፀጉሯን በማስተካከሏ ትናደዳለች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ዘግይቶ ነው አለች። ከምሳ በኋላ አሞት ይሆናል አለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን ለራሷ የምትነግረው ምክንያት አለቀባት። ሰውዬው አልመጣም፤ አይመጣምም።

አላለቀሰችም። ያነቃት ንዴት ነበር፣ ያውም ጥርስ የሚያስነክስ ንዴት። ለዚህ ሰው ብላ ሥራዋን ለቃለች። ለዚህ ሰው ብላ ወደ ሮም ካመጧት አክስቷ ጋር ተቆራርጣለች። የአሠሪዋን የሲኞራዋን ቤት ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ጥላ ወጥታለች፤ ሥራ ከሌላት ደግሞ ፔርሜሶዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ማን ያሳድስላታል? አግባኝ ብላ አልለመነችውም። ራሱ ነው የጠየቃት። እሺ ብላዋለች። «ገባኝ» ብሏታል። ታዲያ ምኑ ነው የገባው?

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርናችሁ ንዴቷ አይገባችሁም።

ሮም ውስጥ ሰው ቤት ለሚሠሩ የአበሻ ልጆች ሳምንት ማለት ሐሙስ ነው። ሌላው ቀን ሁሉ የሲኞራ ነው። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ነው። ሐሙስ ከሰዓት ብቻ የራስ ነው። የዚያን ለታ ቪያ ቮልቱርኖ የሚባለው መንገድ በነጠላና በካፖርት ይሞላል፤ ከአገር ቤት ማን እንደታሰረ፣ ማን እንደተፈታ፣ የማን ልጅ እንደታፈሰ የሚሰማው ያኔ ነው። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና የሚያፍስበት ዘመን።

ጽጌረዳ የጉለሌ ልጅ ናት። እናቷ ሲሞቱ አክስቷ እትዬ ፀሐይ ወደ ሮም አስመጥተው ሥራ አስገቧት። አዲስ አበባ የቀረባት ደስታ የሚባል ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቲቡርቲና አጠገብ ካለ ደብር ሄዳ ጣልያንኛ ትማራለች፤ አስተማሪው ዶን ኤንዞ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ናቸው።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ስትወጣ ከደብሩ ጀርባ ጩኸት ሰማች። ጩኸቱ በጣልያንኛ ነበር፤ መሀል ላይ ብቅ ያለው «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ግን ጣልያንኛ አልነበረም።

ሄዳ አየች። በአጥር የተከበበ የሲሚንቶ ሜዳ ነው። አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ልጆች ባለጎማ ጫማ ተጫምተው፣ እነሱ ፓቲኒ የሚሉትን፣ ኳስ በዱላ እያባረሩ ይከንፋሉ። መሀላቸው አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ የተኮሳተረ የአበሻ ጎልማሳ ቆሟል። እሷ ስትደርስ ካንዱ ልጅ እጅ ዱላውን ቀምቶ ከአጥሩ ውጭ ወረወረው። ዱላው መጥቶ እግሯ ሥር ወደቀ።

አነሳችውና አገላብጣ አየችው። ጫፉ የተቆለመመ ነው።

«ወንድሜ» አለችው በአማርኛ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማህም?»

ሰውዬው ዞረ። አማርኛ ከሰማ የቆየ ሰው መሰለ።

«ይሄ ገና አይደለም፤ ሆኪ ነው» አለ።

«የተቆለመመ ዱላ፣ ድቡልቡል ኳስ፣ የሚጯጯኹ ወንዶች። ጎማ ስላደረጋችሁበት ስሙ ይቀየራል?»

«ዱላውን ስጪኝ።»

«ለልጁ ነው የምሰጠው። ደንቆሮ ያልከው እሱን መሰለኝ።»

«አማርኛ አያውቅም፤ አይገባውም።»

«ስድብ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል» አለችና አጥሩን ዞራ ገብታ ዱላውን ለልጁ ሰጠችው። ልጁ «ግራዚዬ፣ ሲኞሪና» አላት። አሠልጣኙ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። ከንፈሩ ሊስቅ ሲል ሲይዘው አይታዋለች።

ስሙ ዑቕባሚካኤል ነው። ጣልያኖቹ «ኡባ» ይሉታል፤ እሱም ማረም ከሰለቸው ቆይቷል። አስመራ ተወልዶ፣ በአማርኛ ተምሮ፣ በልጅነቱ በሚሲዮኖች በኩል ሮም የመጣ ነው። ይህን ጨዋታ ሲጫወት አድጎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ሰሜን ያለ አንድ ክለብ ደመወዝ ቆርጦ ሊወስደው ፈለገ። ያኔ ፓስፖርቱ ጊዜው አልፎበት ነበር። ወንድሙ በረሃ የገባ ሰው የደርግን ፓስፖርት ለማሳደስ የት ሄዶ ይቆማል? የስደተኛ ወረቀት እስኪያገኝ ክለቡ ሌላ ልጅ ወሰደ። ወረቀቱ ሲወጣ ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰው ልጆች ያሳድጋል። እሱ ያልደረሰበት እንዲደርሱለት ነው ሌት ተቀን የሚነታረከው። አሠለጣጠኑም እንደ ጠባዩ ነው። ለጀማሪ ዱላ አይሰጥም። ወራት ሙሉ በፓቲኒ ብቻ ያሽከረክራቸዋል፤ መውደቅ፣ መነሣት፣ የኋሊት መንዳት። በመጨረሻ ዱላ ሲሰጣቸው ደግሞ ዱላ እንዳያዩ ይከለክላቸዋል።

«ዱላውን አትዩ፣ ትከሻውን እዩ» ይላቸዋል። «ዱላ ይዋሻል። ወደ ግራ አሳይቶ ወደ ቀኝ ይመታል። ትከሻ ግን መዋሸት አያውቅም። ሰው ከማድረጉ በፊት ትከሻው ይናገራል።»

ጽጌረዳ በሚቀጥለውም ሐሙስ መጣች። ለትምህርት ነው አለች። በሚቀጥለውም መጣች፤ ያን ለታ ትምህርት አልነበረም። አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። እሱም እንደማያያት ሆኖ ያያታል፤ ልጆቹ እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። አንድ ቀን የራሱን አሮጌ ፓቲኒ አምጥቶ እግሯ ላይ በማሰሪያ ጠፈረላትና እጇን ይዞ ሜዳ አስገባት። ስትወድቅ ያን ጊዜ አልተቆጣም። «ጉልበትሽን እጠፊ፣ ጽጌ። መሬቱ ጠላትሽ አይደለም» አላት፤ ድምፁ ለሷ ሲሆን ሌላ ነበር። ፓቲኒውን በዚያው ሰጣት።

በዚያ ሰሞን የሆነ ነገር አለ። ጃኮሞ የሚባለው ጎበዙ ልጅ፣ ያ ደንቆሮ የተባለው፣ ጎል አግብቶ እየከነፈ መጣና «ሲኞሪና፣ አየሽኝ?» አላት። እሷም እንደ አገሯ ሰው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «እ» አለችው። ልጁ ደነገጠ። ትን ያላት መስሎት ዶን ኤንዞ ዘንድ በረረ። ሽማግሌው ቄስ ውኃ በብርጭቆ ይዘው እየሮጡ መጡና ጀርባዋን ይመቱ ጀመር። «አሎራ፣ አሎራ፣ ተንፍሺ ልጄ» ይላሉ።

ዑቕባሚካኤል ሳቀ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ልጆቹ አሠልጣኛቸው ሲስቅ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እሺ ስትዪ አየር ትጠጫለሽ» አላት በኋላ፣ ቪያ ቮልቱርኖ ማኪያቶ እየጠጡ።

«አስመራ እንዲህ አይሉም?»

«ይላሉ። እናቴ እንዲህ ነበር የምትለው።» ማንኪያውን ብዙ አማሰለ። «ጣልያን አገር ስኖር ረስቼው ነበር። ከእሷ ወዲህ እንዲህ ያለ እሺታ አልሰማሁም።»

የኛ ሰው እንዲህ ነው። የአፍ እሺ ለገበያም ለአለቃም ይባላል። ነገሩ ከልቡ ሲሆን ግን ቃሉን ወደ ውጭ አያወጣውም፤ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ፍቅራቸው ሰላማዊ ነበር ብንል ውሸት ነው። ይጣሉ ነበር። የሚጣሉትም በሐሙስ ነው።

«ያለችኝ ይቺው ቀን ናት» ትለዋለች። «እሷንም ከአሥር ላብ በላብ የሆኑ ወንዶች ጋር ነው የምካፈላት።»

«ልጆቹ ሌላ ቀን ሜዳ አያገኙም።»

«እኔስ ሌላ ቀን አንተን አገኛለሁ?»

እሱ አጥሩን ተደግፎ ያያታል። አለመመለሱ ያበሽቃታል፤ አስተያየቱ ደግሞ ብሽቀቷን ያስረሳታል፤ ይኼኛው ይብስ ያናድዳታል።

እንዲህ እያሉ ሳሉ ከሰሜን፣ ያ ድሮ እሱን ፈልጎ የነበረው ክለብ ሰው ላከ። ሰውዬው ሁለት ሐሙስ ቆሞ ልጆቹን አየ። ጃኮሞንና ሌላ አንድ ልጅ ለታዳጊ ቡድናቸው ፈለጋቸው፤ አሳድገው ደመወዝተኛ ሊያደርጓቸው። ከዚያ «ማነው ያሠለጠናቸው?» አለ። ዑቕባሚካኤልንም ከልጆቹ ጋር እንዲመጣ ጠየቁት።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ወሬ መጣ። ደስታን አፍሰው፣ ጠብመንጃ አስይዘው፣ ናቅፋ ግንባር ልከውታል።

እትዬ ፀሐይ ወሬውን የሰሙ ዕለት ጥቁር ነጠላ ለበሱ። ልጁ አልሞተም ብትላቸው አልሰሟትም። የዑቕባሚካኤልም ነገር ያኔ ነው የተነሣው።

«ወንድምሽ ላይ የሚተኩሱት የማን ወንድሞች ናቸው?» አሏት። «የዚህ ልጅ አይደሉም?»

«እሱ ከሆኪ ዱላ በቀር የያዘው የለም፣ እትዬ።»

«ወንድሙ ይዟል።»

«ደስታም ይዟል። ወዶ ነው የያዘው?»

«አፍሽን ዝጊ። እሱን ካገባሽ አክስት አለኝ እንዳትዪ።»

ዑቕባሚካኤል መስከረም ላይ ሄደ። የመጨረሻው ሐሙስ ሜዳው ባዶ ነበር። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ስለ ደስታ ግን ትንፍሽ አላለችውም።

«ቤት ልፈልግና እደውልልሻለሁ» አለ። «ስደውል እጠይቅሻለሁ። እሺ ካልሽኝ በሚመጣው ሐሙስ ቲቡርቲና መጥቼ ራሴ እወስድሻለሁ።»

«አሁን ጠይቀኝ።»

«አሁን ምን ይዤ? ጣራ እንኳን የለኝ።»

«ጣራ መች ጠየቅሁህ?»

አልጠየቃትም። ወንድ ልጅ ኩራት ከያዘው ምን ይደረጋል። ያን ለታ አፉን ከፍቶ ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

ስልኩ የተደወለው ጥቅምት ላይ ነው። የሲኞራዋ ስልክ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሲኞራዋ ለሠራተኛ ስልክ ሲደወል ደስ አይላትም፤ ሳሎን ሆና በሩን ከፍታ ትሰማለች። እሱ የሚደውለው ካንድ ቡና ቤት ነው፤ ለስልክ የሚከፈሉት ጄቶኔዎች ስልኩ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲሉ ይሰማል።

«ጽጌ፣ ቤት አገኘሁ። ከመስኮቷ ሜዳው ይታያል።»

«ደኅና ነህ?» አለች።

«ስለ ደስታ ዶን ኤንዞ ነገሩኝ።» ሌላ ጄቶኔ ጨመረ። «እምቢ ብትዪኝ አልፈርድብሽም። ግን ልጠይቅሽ ብያለሁ፣ እጠይቅሻለሁ። ታገቢኛለሽ?»

ጽጌረዳ መነጋገሪያውን ወደ አፏ አስጠጋች። እናቷ ትዝ አሏት፣ ደስታ ትዝ አላት፣ አግዳሚው ትዝ አላት። ትንፋሿን ከሥር ስባ ወደ ውስጥ «እ» አለች።

«ጽጌ?»

እንደገና ሳበች፣ ከመጀመሪያው ጠለቅ አድርጋ።

«ትመጪያለሽ ወይ?»

በሦስተኛው ደረቷን እስኪያማት ሳበችው። ከዚህ የበለጠ እሺ በዓለም ላይ የለም።

ሽቦው ሺ አለ። አንድ ጄቶኔ ወደቀ።

«ገባኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ገባኝ፣ ጽጌ።» ስልኩ ተዘጋ።

እሷ መነጋገሪያውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆየች። ገባው። እንዴት ያለ ሰው ነው፣ በቃል እንኳን ሳይነገረው ይገባዋል አለች። የስልክ ሽቦ ትንፋሽ እንደማያሳልፍ፣ ትከሻም እንደማያሳይ የሚነግራት ሰው አጠገቧ አልነበረም። እዚያ ማዶ፣ ቡና ቤቱ ውስጥ፣ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስት ጊዜ ዝምታ መልሶለት፣ ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መቆሙንም አላወቀችም።

እንግዲህ ሥራውን ለቀቀች። አክስቷ በሩን ዘጉባት። ሐሙስ ሆነ፣ ቲቡርቲና ተገተረች። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ሲመሽ መሄጃ ስላጣች እትዬ ፀሐይ በር ላይ ሄዳ ሻንጣዋን አስቀመጠች። አክስቷ ከፈቱ።

«ደስ ይበልዎ፤ አልመጣም» አለች ጽጌረዳ።

እትዬ ፀሐይ ሻንጣውን አዩ። እሷን አዩ።

«አልመጣም ማለት?»

«አልመጣም ነዋ።»

«የኔን ልጅ? ባቡር ጣቢያ አስቁሞ?» ሴትዮዋ በንዴት ነጠላቸውን አውልቀው ወረወሩ። «እኔ አታግቢው አልኩ እንጂ ይገትርሽ አልኩ? ግቢ። ቁጭ በይ። የበላሽው አለ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ፀሐይ ሰውዬውን የሚጠሉበት ምክንያት ተቀየረ፤ ጥላቻው ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

አንዳቸውም አልደወሉም። «እኔ ልደውል? ሞቼ ነው?» ትላለች እሷ። ብርዱን ወራት የሰው ደረጃ ስትወለውል ከረመች። ሲሞቅ ለሮም ቅርብ ከሆነው ኦስቲያ ባሕር ዳር ሥራ አገኘች፤ የዋናተኞችን ልብስ መቀየሪያ ታጥባለች፣ ጃንጥላ ትዘረጋለች። ከደስታ ወሬ የለም። ከዚያኛውም ወሬ የለም። አንዳንድ ቀን ባሕሩን እያየች ለሁለቱ አንድ ላይ ትናደዳለች፤ አንዱ እንዲመለስ እየጸለየች፣ ሌላውን እየረገመች።

ሰኔ ላይ ኦስቲያ ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየች። የታዳጊ ሆኪ ቡድኖች ውድድር ነው፣ እሑድ ከሰዓት፣ ባሕሩ ዳር ካለው ሜዳ። ከሰሜን የሚመጣው የዑቕባሚካኤል ቡድን ስም ተጽፏል።

እሑድ ያንን አሮጌ ፓቲኒ በማሰሪያው ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ሄደች።

ጨዋታው ተጋግሏል። ጃኮሞ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቁመት ጨምሮ ትከሻው ሰፍቷል፤ ሲከንፍ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣል። አሠልጣኙ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። አይጮኽም። አልፎ አልፎ ብቻ «ትከሻውን፣ ትከሻውን» ይላል። ከስቷል። መክሳቱን ስታይ ልቧ ሊራራ ሲል ቀድማ ፓቲኒውን ፈታችና አንዱን ወደ ሜዳ ወረወረችው።

ጫማው በአራት ጎማው አርፎ ሜዳውን ሰንጥቆ ተንከባለለ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ልጆቹ ቆሙ። ጫማው ሄዶ ሄዶ የአሠልጣኙን እግር ነካ። ዑቕባሚካኤል አጎንብሶ አየውና ቀና አለ።

ሁለተኛውን ይዛ አጥሩን ዞራ መጣች።

«ዕቃህን አምጥቻለሁ።»

«ጽጌ።»

«ጽጌ አትበለኝ። ጽጌ ቲቡርቲና ቀርታለች።»

«ቲቡርቲና ምን?»

«ሐሙስ። ከጧት እስከ ማታ። ሻንጣዬን ይዤ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን ልታደርጊ?»

«ያልኩህን ላደርግ ነዋ። እሺ ብዬህ የለም እንዴ?»

«አላልሽኝም።»

«ብዬሃለሁ።»

«ጽጌ፣ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁሽ። ሦስቱንም ጊዜ ዝም አልሽ።»

«ዝም አላልኩም» አለች፤ ድምፅዋ ባሕሩ ድረስ ተሰማ። ጣልያኖቹ አንድ ቃል ሳይገባቸው ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ።

እሱም አሁን ተቆጣ። «አንቺ ብቻ የተናደድሽ ይመስልሻል? እኔ በዓመቱ ከማን ጋር እንዳልተጣላሁ ጠይቂ። የደስታ ነገር ነው አልኩ። ወንድሟ ናቅፋ ምሽግ ውስጥ ሆኖ እንዴት እሺ ትለኛለች አልኩ። የኔም ወንድም እዚያው ነው፣ በወዲያኛው ምሽግ። ማታ ማታ የምጸልየው ሁለቱ እንዳይተያዩ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ እምቢ ብለሽኝ፣ በምን አፌ መልሼ ልደውል?»

«እሺ ነው ያልኩህ።»

«እንዴት ብለሽ?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ንዴቱ አነቃትና ቃል አልወጣ አላት። ስለዚህ አደረገችው። ትንፋሿን ከሥር ስባ ወደ ውስጥ «እ» አለች። ትከሻዋ ብድግ ብሎ ወረደ።

ዑቕባሚካኤል ደርቆ ቀረ። ቀስ ብሎ አጥሩ ጥግ ቁጭ አለ።

«በስልክ?» አለ። «በስልክ ነው እንዲህ ያልሽው?»

ያኔ ነው ለእሷም የገባት። ኮሪደሩ፣ የሽቦው ሺታ፣ «ገባኝ» ሲል የወረደው ድምፁ። ገባትና ይብስ ተናደደች። በማን እንደምትናደድ ስላጣች በእጇ ያለውን ጫማ መሬት ላይ ጣለችው።

«እንዳትስቅ።»

«አልሳቅሁም» አለ። ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብለሽኝ አልነበር?»

«እኔ ጌታ አይደለሁም፤ እቆጣለሁ።»

«መልሼ ልጠይቅሽ?»

«እዚህ አትጠይቀኝ። ሐሙስ ቲቡርቲና ቁም።»

«ማክሰኞ እንመለሳለን። ልጆቹን ማን...»

«እሱ ያንተ ጉዳይ ነው።»

«ከቆምኩ በኋላስ?»

«እኔም ስቆም በኋላስ አላልኩም» አለችና ሄደች። ከኋላዋ ጃኮሞ «ኡባ፣ ሲኞሪና ታማ ነው?» ሲል ሰማች።

ማታውኑ ለእትዬ ፀሐይ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ስልኩ ስትነግራቸው «ልጁ ደንቆሮ ነው እንጂ ክፉ አይደለም» አሉ። ስለ ሁለቱ ወንድሞች የሚጸልየውን ስትነግራቸው ግን ሽንኩርት የሚከትፉበትን ቢላዋ አስቀመጡ።

«የዚያ የወንድሙ የክርስትና ስም ማነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ደስታን በጸሎት ሳነሣ እሱን ማን ብዬ ላንሣው?»

ሐሙስ ደረሰ። ልጆቹን ከረዳቱ ጋር ልኳቸው ኖሮ፣ ዑቕባሚካኤል ብቻውን ከጧት ጀምሮ ቆሟል። የቆመውም እሷ በቆመችበት ቦታ ነው። ጽጌረዳና አክስቷ ከጣቢያው ቡና ቤት፣ ከመስተዋቱ ጀርባ ተቀምጠው ያዩታል። ሻንጣው ጠረጴዛው ሥር ነው።

ባቡር ይመጣል፤ አንገቱን ያሰግጋል። ባቡር ይሄዳል፤ አንገቱን ይደፋል። አንድ ጊዜ አግዳሚ ተለቀቀለትና ሊቀመጥ አለ፤ ምን ትዝ እንዳለው እንጃ፣ ተመልሶ ቆመ።

«ልሂድ?» አለች ጽጌረዳ።

«ገና ነው» አሉ እትዬ ፀሐይ ካፑቺኖአቸውን እየጠጡ።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ያ ጉልበቱ አስቸግሮት ካንዱ እግር ወደ ሌላው ይለዋወጣል።

«ጉልበቱ ይታመማል፣ እትዬ።»

«ያንቺስ ልብ? ገና ነው።»

ጀንበር ስታዘቀዝቅ እትዬ ፀሐይ ራሳቸው ተነሡ። «ቫ ቤኔ» አሉ። «አሁን በቃው። ከዚህ በላይ ነውር ነው።»

ከፊት ሄደው አጠገቡ ቆሙ። ዑቕባሚካኤል ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«የወንድምህ የክርስትና ስም ማነው?» አሉት።

ግራ ገብቶት አያቸው። «ወልደጊዮርጊስ» አለ።

«ወልደጊዮርጊስ» አሉ እትዬ ፀሐይ። ደገሙት፣ እንዳይጠፋባቸው። ከዚያ ዘወር ብለው መንገዱን ለቀቁ።

ጽጌረዳ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር እየጮኸ ገባ። ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል። ከዚያ ጫጫታ ውስጥ አንድ ነገር ብሎ ጠየቃት፤ ድምፁ አልደረሳትም፤ ምን እንዳለ ግን ታውቃለች።

ሳበችው።

መስማት አይቻልም። ደግነቱ ዑቕባሚካኤል አፏን አላየም። ዓይኑን ትከሻዋ ላይ ተክሎ ነበር፤ ትከሻዋ ብድግ ብሎ ሲወርድ አየ። እያነከሰ መጣና ሻንጣውን ተቀበላት።

ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እትዬ ፀሐይ ከታች በመስኮቱ ትይዩ ቆመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ሁለቱን ስሞች እያነሡ መሆን አለበት። ሮም ወደ ኋላ ስትቀር ዑቕባሚካኤል ጎንበስ ብሎ፣ እንዳትበረግግበት እንደሚፈራ ሰው ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«አሁንም ተቆጥተሻል?»

ጽጌረዳ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

ይህንንም በደንብ ሰማው። እስከ ቦሎኛ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረችውም፤ እጇን ግን ከእጁ አላወጣችም።